ስለ መሪው የጠየቅሁ ዕለት

የመኪና ብልሽት የሚድነው ባለመጠየቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሙሉ ሚኒባስ ገጥሞኛል። የታመመች ልጄን ይዤ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ስሄድ፣ መሪው በየኩርባው ያቃስት ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህ መሪ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«እናቴ፣ አያሟርቱብን!» አለኝ። ተሳፋሪውም አብሮ ተቆጣኝ።

አቀስታን እንዳለፍን መሪው አልታዘዝ አለና ቦይ ውስጥ ገባን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገደሉ በወዲያ በኩል ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ቢያይ የመሪው ዘይት ፈስሶ አልቋል።

«ይኸው፣ አሟርተው ጣሉን!» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት።

መኪናው ከቦዩ ተገፍቶ ወጣ፤ ዘይት ተጨመረና ጉዞ ቀጠልን። ጥቂት እንደሄድን መሪው እንደገና አቃሰተ። ሁሉም ዞረው አፌን አዩ። ቢያወርዱኝ ልጄን ሐኪም ዘንድ ማን ያደርስልኛል? እኔም ዝም አልኩ።