ክቡር ዳኛው እና የጠፋው ቀኝ እጅ

በየዘመድ አዝማዱ መሀል አንድ ዳኛ አይታጣም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። አንዱ በሾርባ ጨው ላይ ይፈርዳል፣ አንዱ በሰው ልጆች አስተዳደግ ላይ፣ ሌላው ጎረቤቱ በሰቀለው መጋረጃ ላይ። ለአንድ ፋርማሲስት የደረሰው ዳኛ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። የሚስቱ ታላቅ ወንድም የሚፈርዱት በሸክላ ላይ ነው፤ ያውም የፒያኖ ኮንቼርቶ በተቀረጸበት ሸክላ ላይ ብቻ።

ኮንቼርቶ ማለት አንድ ፒያኖ ሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ቀርቦ፣ አንዴ እየለመነ አንዴ እየተቆጣ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚሟገትበት ሙዚቃ ነው። ክቡር ዳኛው የሚመርጡት ደግሞ የጥንቶቹን፣ ሰው በፍቅር ታምሞ አልጋ ላይ ለመዋል በማያፍርበት ዘመን የተደረሱትን፣ አንጀት የሚያላውሱትን ነው። ይወዷቸዋል ለማለት ያስቸግራል። ይከሷቸዋል ቢባል ይቀላል።

ቤተሰቡ በሌሉበት "ዳኛው" ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት "ጋሼ"። በሥራ ዘመናቸው የመድን ድርጅት ጉዳት ገማች ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በተጨረመተ መኪና ዙሪያ እየዞሩ፣ "ይሄኛው ጭረት የዛሬ አይደለም፤ የቆየ ነው፤ አታታሉኝ" ሲሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። የወጡት ከመኪናው ነው እንጂ ከጭረቱ አይደለም።

ችሎቱ የሚቀመጠው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ሳሎናቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው፤ ለመስኮቱ የተረፈው ቦታ አንድ ድመት እንኳ አንገቷን አታወጣበትም። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ጥግና ጥግ ቆመዋል። ከፊታቸው አንድ የሚሰምጥ ሶፋ አለ፤ የክቡርነታቸው ነው። ከሶፋው ጎን ደግሞ መደገፊያው የሚቆረቁር የእንጨት ወንበር አለ፤ እሱ የምስክሩ ነው። ምስክሩ ፋርማሲስቱ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አንዱን ኮንቼርቶ ያነሳሉ። ከኮንቼርቶውም መካከለኛውን፣ ዝግ ያለውን ክፍል ይመርጣሉ። ያንኑ ክፍል አንዱ ፒያኒስት ሲጫወተው ያሰማሉ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። "አንዱን ገላ ሳሙና እየቀያየሩ አራት ጊዜ እንደመታጠብ ነው" ይላል ፋርማሲስቱ ለሚስቱ። "ንጹሕ ሆኜ ሳይሆን ቆዳዬ ተልጦ ነው የምመለሰው።"

"ስማ! እዚህ ጋ ስማ!" ይላሉ ዳኛው፣ ጣታቸውን ወደ ጣሪያ ቀስረው። "ሰማኸው?"

"ሰማሁ ጋሼ።"

"ምን ሰማህ?"

"ፒያኖ።"

"ፒያኖማ የጎረቤት ድመትም ሰምታለች!"

ከዚያ ፍርዱ ይወርዳል። ዓለም ጉድ ያለለት፣ አዳራሽ ቆሞ ያጨበጨበለት ሰው በእሳቸው ሳሎን እንዲህ ይባላል፦ "ጣት አለው፤ አንጀት የለውም። ውድቅ!" በየኖታው የሚያለቅሰው ደግሞ ይቀርባል፦ "ይሄ አንጀት ብቻ ነው፤ ጣቱን የት ጥሎት እንደመጣ እንጃ። ውድቅ!" አንዲት የተመሰገነች ሴት ነበረች፤ ስለ እሷ "እየተጫወተች ዕቃ ታጥባለች፤ ከኋላ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል" ብለው ሸክላዋን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው፣ አነሱት። አንድ ጊዜ ብቻ ሙገሳ ከአፋቸው ወጥቷል። ተመልካች ባለበት አዳራሽ በተቀረጸ ሸክላ ላይ አንድ ሰው ያስላል፤ ክቡርነታቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡና፣ "ከአዳራሹ ሁሉ በሰዓቱ የገባው እሱ ብቻ ነው" አሉ።

እሳቸው ግን ፒያኖ ተጫውተው አያውቁም። አንዴ በሰርግ አዳራሽ ብርጭቆ አስቀምጠውበት አስተናጋጁ ተቆጥቶ አንስቶባቸዋል። ከፒያኖ ጋር ያላቸው ትውውቅ ይኸው ነው።

ማምለጥ አይቻልም ነበር። ፋርማሲስቱ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በተኛበት ሆስፒታል ሳይቀር መጡ። ብርቱካን ይዘው መጡ ብሎ ደስ ሲለው፣ ከከረጢቱ ትንሽ ማጫወቻ አወጡ።

"ከሁለቱ የቱ ነው የሚዘገየው? በል ንገረኝ።"

"ጋሼ፣ ስፌቱ እያመመኝ ነው።"

"ስፌትህ ይድናል" አሉ ዳኛው። "ይሄ ጥፋት ግን ለዘላለም ተቀርጿል።"

ታዲያ ለምን ይሄዳል? ትሉ ይሆናል። የሚሄደው ለሚስቱ ሲል ነው። ዳኛው ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅ የላቸውም፤ ጓደኞቻቸውን ደግሞ ተራ በተራ ውድቅ አድርገዋቸዋል። "ሄደህ ብትቀመጥለት ምን ይጎድልብሃል?" ትለዋለች ሚስቱ። "ቅዳሜዬ" ይላታል፣ ጫማውን እያሰረ።

እንዲህ ሲባል ተከርሞ፣ አንድ ክረምት ላይ ፍርዱ ከወትሮው ከረረ። ዳኛው አዲስ ክስ መሠረቱ።

"ቀኝ እጁ የት ሄደ?"

"የማን ጋሼ?"

"የዚህ ሰውዬ! ግራው ይሰማኛል። ቀኙ ወደ ላይ ሲወጣ ጭጋግ ነው። ውጦታል!"

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውም ፒያኒስት ቀኝ እጁን ጣለ። በሚቀጥለው ሌላው። ዳኛው የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ቀየሩ። ስፒከሮቹን ጠረጠሩና ባለሙያ አስጠሩ፤ ሰውየው ፈታቶ፣ ነካክቶ፣ ጤነኛ ናቸው ብሎ ገጥሟቸው ሄደ። ዳኛው እሱንም ውድቅ አደረጉት። በመጨረሻ የምድር ፒያኒስቶችን በሙሉ፣ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም፣ በአንድ መዝገብ ከሰሱ። "ስንፍና ነው! ከላይኞቹ ቁልፎች ሸሽተዋል! ድሮ ይሄ ሸክላ እንዲህ አልነበረም፤ ያረጀ ሸክላ ፍሬውን ይጥላል ማለት ነው!"

ፋርማሲስቱ በእንጨት ወንበሩ ላይ ሆኖ ጆሮውን ወደ ስፒከሮቹ አቀና። እሱ ላይኞቹን ኖታዎች ይሰማቸዋል፤ ሳፋ ላይ እንደሚንጠባጠብ ውሃ ጥርት ብለው። መጀመሪያ የሚፈትኑት መሰለው። ነገር ግን ወጥ ቤት የተጣደው ማንቆርቆሪያ ያፏጭ ጀመር፤ ያፏጫል፣ ያፏጫል፤ ዳኛው ንቅንቅ አላሉም። የበሩ ደወል ጮኸ፤ አልዞሩም። ፋርማሲስቱ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት "ምን ታንሾካሹካለህ? ጮክ በል!" እያሉ የሚቆጡትን ሽማግሌዎች ያውቃቸዋል። ገባው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።

ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ ቀለለው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ዳኛ ካልሰማ ችሎት የለም፤ ችሎት ከሌለ ምስክር አያስፈልግም። ቤቱ ሲደርስ ግን ነገሩን ለሚስቱ ነገራት፤ እሷም የያዘችውን ፎጣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ንገረው" አለችው።

"ወንድምሽ ነው፤ አንቺ ንገሪው።"

"እኔን አይሰማኝም።"

"እኔንስ መቼ ሰማኝ?"

በዘዴ ተደረገ። ፋርማሲስቱ "ጋሼ፣ ጆሮዬን ልመረመር ነው፤ አብረውኝ ይምጡ" አላቸው። ዳኛው ደስ አላቸው። "እኔ ድሮም ጠርጥሬሃለሁ" አሉ። ክሊኒኩ ሲደርሱ የጆሮ ሐኪሟ፣ ነገሩ ቀድሞ የተነገራት ረጋ ያለች ሴት፣ "እርስዎም እግረ መንገድዎን ይሞክሩት" ብላ በመስታወት ወደተከለለች ክፍል አስገብታ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

"ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሱ።"

ወፍራሙ ድምፅ መጣ። ዳኛው እጃቸውን አነሱ፤ ዝም ግን አላሉም። "አጀማመሩ ጥሩ ነው። መጨረሻው ተቆርጧል። ማነው የሚጫወተው?"

"መሣሪያው ነው አባባ። እጅዎን ብቻ ያንሱ።"

"ያስታውቃል፤ አንጀት የለውም።"

ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ፋርማሲስቱ ከሐኪሟ ጎን ቆሞ፣ ከጠረጴዛዋ ላይ ከተቀመጠችው ትንሽ ስፒከር ይሰማዋል። ቲ… ይላል። የዳኛው እጅ ጉልበታቸው ላይ ነው። ሐኪሟ ጨመረችው። ቲ… እጁ ጉልበት ላይ ነው። ዳኛው አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ሊመጣ ያለውን ድምፅ ለመክሰስ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ድምፁ ግን መጥቶ፣ አልፎ፣ እንደገና መጥቶ ነበር። ፋርማሲስቱ ሳያውቀው በሆዱ "ያንሱ፣ ያንሱ እንጂ" ይል ጀመር። እግሩ ላይ የነበረው ቅለት የት እንደገባ አላወቀም።

ሐኪሟ በወረቀት ላይ የተሳለውን መስመር አሳየቻቸው፤ ደህና እየሄደ ሄዶ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ወፍራሙ ድምፅ ደህና ነው፤ ቀጭኑ ሄዷል፤ በዕድሜ የሚመጣ ነው አለቻቸው።

"ስሚ ልጄ፣ ፒያኒስቶቹ ናቸው እንጂ…" ብለው ጀመሩና አቆሙ። መስመሩን ጎንበስ ብለው አዩት፤ የተጨረመተ መኪና እንደሚያዩት አድርገው፣ ከዚህም ከዚያም። ከዚያ ወደ ፋርማሲስቱ ዞሩ።

"አሉ ማለት ነው?"

"ምኖቹ ጋሼ?"

"ላይኞቹ።"

"አሉ ጋሼ። ሁሉም አሉ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የመስሚያ መሣሪያ ይደረግልዎ ሲባሉ ግን "አይሆንም" አሉ። "በተሰበረ ሚዛን የሚፈርድ ዳኛ ሌባ ነው።" ቤታቸው ገብተው ችሎቱን ዘጉ።

ፋርማሲስቱ ነፃ ወጣ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ተኝቶ ዋለ። በሚቀጥለው ሚስቱን ጫማ ሊያስገዛ ወጣ። ሱቁ ውስጥ፣ ከጣሪያው በተሰካ ስፒከር፣ ዝግ ያለ ኮንቼርቶ ተለቆ ነበር። ፋርማሲስቱ አንድ እግር ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀጥ አለ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ያስቸኩለዋል?"

"ማን ጌታዬ?" አለች ሻጯ፣ ወደ በሩ እያየች።

"እዚህ ጋ እኮ ትንሽ መቆም ነበረበት! ከኋላ የሚነፋውን ክላሪኔት ረግጦት ሄደ!"

ሚስቱ ጫማውን ቀስ ብላ ከእጁ ተቀበለችው። በሽታው ተላላፊ ኖሯል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ ፒያኒስቱ መቸኮሉን ፋርማሲስቱ የሚያዋየው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሳቸውም በራቸውን ዘግተዋል።

ከጫማው ሱቅ ወጥቶ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ቤት ገባ፤ ዳኛው ዘንድ የሌለ የአንድ ፒያኒስት ሸክላ ፈልጎ አገኘ። የዳኛውን በር ሲያንኳኳ፣ ሲያንኳኳ፣ በመጨረሻ በጡጫ ሲደበድብ ከፈቱለት። ፂማቸው አድጓል።

"ዛሬ ችሎት የለም።"

"ችሎት አይደለም ጋሼ። ይግባኝ ነው።"

ሳይወዱ አስገቡት። መርፌው ወረደ። ዳኛው ሶፋቸው ውስጥ ሰምጠው አዳመጡና እጃቸውን አወናጨፉ። "የለም። ይሄም ከወገቡ በላይ የለም። አንሳው።"

"አለ። አሁን ቀኝ እጁ ወደ ላይ እየወጣ ነው።"

ዳኛው ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ፣ "እንዴት ነው የሚወጣው?"

"እ… ደረጃ እንደሚወጣ ሰው።"

"ምን ዓይነት ሰው? ወጣት ነው? ሽማግሌ?"

"ዕቃ የተሸከመ።"

"ውሸታም!" ዳኛው ከሶፋው ተነሱ። "በዚህ ቦታ ዕቃ ተሸክሞ የወጣ ፒያኒስት የለም! ላባ ነው እዚህ ጋ! ዕድሜ ልክህን አጠገቤ ተቀምጠህ ይሄን ነው የተማርከው? ማን ነው አንተን ምስክር ያደረገህ?"

"እርስዎ ነዎት። ካላመኑኝ ራስዎ ይስሙት!" አለ ፋርማሲስቱም ተነስቶ። በሕይወቱ ጮኾባቸው አያውቅም ነበር። "ተሸክሟል አልኩ፣ ተሸክሟል!"

ተጣልተው ተለያዩ። ዳኛው ግን ሳምንቱ ሳያልቅ ለብቻቸው ክሊኒክ ሄደው መሣሪያውን አስገጠሙ። እህታቸው ደስ ብሏት ስትደውል ምክንያታቸውን አስረዷት፦ "በባልሽ ምስክርነት ሰው እንዳይሰቀል ብዬ ነው።"

መጀመሪያ ሰሞን መሣሪያውን ራሱን ከሰሱት። ጋዜጣ ሲገለጥ ነጎድጓድ ሆነባቸው፤ ማንኪያ ሲወድቅ ዘለሉ፤ ፍሪጁ ቅኝቱን እንደሳተ አወጁ። ፒያኖውማ ቆርቆሮ ነው አሉ። ሐኪሟ ዘንድ ተመላለሱ፤ እሷም አስተካከለች፣ እንደገና አስተካከለች፣ ታገሠች። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ደውለው ፋርማሲስቱን ጠሩት፤ ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ። "ያን ባለ ዕቃህን ልናየው ነው። ና።"

መጣ። እንጨቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መርፌው ወረደ። ግራ እጁ ታች ሆኖ ዝግ ብሎ ሲራመድ ቆየና፣ ቀኙ ብቻውን ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ዳኛው ጣታቸውን ወደ ጣሪያ ቀስረው ነበር፤ ጣቱ እዚያው አየር ላይ ቀረ። "ስማ" አላሉም። "ሰማኸው" ብለው አልጠየቁም። ሙዚቃው አለቀ፤ መርፌው ባዶውን ሸክላ ሲፍቅ ሁለቱም ተነስተው አላነሱትም።

ፋርማሲስቱ ፍርዱን ይጠብቃል። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይሄ ሰውዬ…" አሉ፣ "ካለፈው ጊዜ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል።"

የሸክላው ሽፋን ፋርማሲስቱ ጭን ላይ ነበር። ፒያኒስቱ የተወለደበትና የሞተበት ዘመን ከፎቶግራፉ ሥር ተጽፏል፤ ሰውየው ሲሞት ፋርማሲስቱ ገና አልተወለደም። ሽፋኑን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ አስጠጋና ጽሑፉን በመዳፉ ሸፈነው።

"አዎ ጋሼ" አለ፤ "ሳይለማመድ አልቀረም።"