ተከሳሽ የጠፋበት መዝገብ

የቤተሰብ ፍርድ ቤታችን የተቋቋመበት ዓላማ እጅግ የላቀ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ የልብስ ሰፊዋን ጉዳይ ይመልከት። ይህች ሴት የሟች እህቷን ልጅ ከጨቅላነቷ ጀምሮ አሳድጋለች። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤቱ የአሳዳጊነት ወረቀት ጠየቀ። ሴትየዋም ምን ችግር አለው ብላ አቤቱታዋን ይዛ ሄደች።

ሬጅስትራሩ ወረቀቱን አገላብጦ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ ተከሳሽ የት አለ?»

«የምከሰው ሰው የለኝም ልጄ። ዘመዱ ሁሉ ተስማምቷል።»

«ስምምነት ካለ ክርክር የለም። ክርክር ከሌለ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የሚቃወምዎት ዘመድ ፈልገው ይምጡ።»

ይህን የመሰለ ቅን ምክር በነጻ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስንት አለ? ሴትየዋ ወንድሟን ለመነችው። እሱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በአንዲት ክፍል የሚኖር፣ እንቁላል መጥበስ እንኳ የማይሆንለት ወንደላጤ። ለእህቱ ሲል ግን እሺ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆሞ መቃወሚያውን አጠና።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ እንጂ! እንዲህማ ማን ያምንሃል?» ትለዋለች።

በቀጠሮው ቀን ሾፌሩ ሞቅ አለውና ያላጠናውን ጨመረበት።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቤቷ መርፌ በመርፌ ነው! ልጅ እዚያ ውስጥ ያድጋል?»

ዳኛው ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«መርፌ አለ ወይስ የለም?»

«አለ፣ ግን...»

«በቂ ነው።»

ፍርድ ቤቱም «ተከሳሹ ለሕፃኗ ደኅንነት ያሳየውን ጽኑ ተቆርቋሪነት» በአድናቆት ተመልክቶ አሳዳጊነቱን ለሾፌሩ ሰጠ።

«ኧረ እኔ አልፈልግም! ልጅቷ የእሷ ናት!»

«ከተስማማችሁ እኛ ጋ ምን አመጣችሁ?» አሉ ዳኛው፤ መዝገቡም ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ማንን እንደምትከተል ግራ ገብቷት መሃል ላይ ቆመች።

«መርፌውን ምን አስነሳህ?» አለች ሴትየዋ።

«እመኚኝ፣ አፌ ላይ መጣልኝ...»

«አፍህ ላይ የመጣው ልብህ ውስጥ ስለነበረ ነው!»

«ታዲያ ውሸት ነው እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ እህትና ወንድም ተኮራረፉ። ልጅቷም በአጎቷ ክፍል እያለቀሰች ታድራለች፤ አንጀት ይበላል።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን የምሯን ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን እንዳለው ለማረጋገጥ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።