ከምንባቡ አትውጪ

ሕልም የሌሊት ነው ይባላል። እኔ ግን ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ለሕክምና ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ስቀመጥ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ባዮሎጂውን አልፋለሁ፤ ኬሚስትሪውንም አልፋለሁ። የሚጥለኝ ቨርባል ሪዝኒንግ የሚሉት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምንባብ ይሰጡሻል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ስለቆመ የመብራት ማማ፣ ወይም ስለ አንድ ከሞተ የቆየ ሠዓሊ ባርኔጣ። አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ዐረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱን እውነት፣ ሐሰት ወይም ማወቅ አይቻልም ማለት አለብሽ። ከራስሽ እውቀት አንዲት ጠብታ መጨመር ክልክል ነው። ምንባቡ ወንዝ ሽቅብ ይፈሳል ካለ ይፈሳል። ውሃ እርጥብ ነው ብሎ ካልተናገረ ደግሞ፣ ዕድሜ ልክሽን ስትታጠቢበት ብትኖሪም፣ ውሃ እርጥብ ይሁን ደረቅ ማወቅ አይቻልም።

ጎረቤቴ መምህር ወንድይፍራው የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ሲያስጠናኝ ከረመ። ደግ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ስሳሳት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ «ሲስተር፣ ከምንባቡ አትውጪ» ይለኛል። ነርስ ነኝና እወጣለሁ። ስለ ማማው ጠባቂ ሳል አንብቤ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል ብዬ ሁለት ጥያቄ ስቻለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ያቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር ጥርሴ በራሱ ይፋጭ ጀመር።

ትናንት በጠዋት አዳራሽ ገባን። ወረቀቱ ግን አልመጣም። መኪናው መንገድ ላይ ነው ተባልን። እኩለ ቀን ሆነ፤ አሁንም መንገድ ላይ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶብናል። ግንባሬን ክንዴ ላይ አሳረፍኩ።

ከዚያ ጤና ጣቢያችን በር ላይ ቆሜያለሁ። ረጅም ሰልፍ አለ። የተሰለፍነው ግን እኛ ነን፤ ነርሱ፣ ፋርማሲስቱ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ሁላችንም ጋዋናችንን ገልብጠን ለብሰናል። በሽተኞቹ ውስጥ ሆነው በመስኮት ያዩናል። አንዱ ብቅ እያለ «ተረጋጉ፣ ሐኪም እስኪገባ ነው» ይለናል። ማናችንም ለምን አላልንም።

ካርድ ክፍል አህያ ተቀምጣለች። መዝገብ የላትም፤ ማኅተም ብቻ አላት።

«ስም?» አለችኝ።

«ትርንጎ ላቀው።»

«ጭነት?»

ዕድሜ ያለችኝ መስሎኝ ዕድሜዬን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ ዘረዘርኩላት፤ ባል፣ ልጆች፣ የሌሊት ተረኛነት፣ የአማቴ ስኳር በሽታ፣ ቨርባል። ቨርባል ስል ጆሮዋ ቀጥ አለ።

«እሱን እኛም አንሸከምም» አለችና እጄ ላይ ማኅተም መታችልኝ።

ተረኛ ሐኪሟ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። እትዬ ዘነቡ በእውኑ ዓለም የደም ግፊት ታካሚያችን ናቸው። በመጡ ቁጥር ጨው ይቀንሱ እላቸዋለሁ፤ በመጡ ቁጥር ቀንሻለሁ ይሉኛል። በሕልሜ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ልክ እኔ ሲደክመኝ እንደማደርገው ፊቴን ሳያዩ ጠየቁኝ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ፣ እትዬ።»

«ከጀመረሽ ቆየ?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«በዘር አለባችሁ?»

የለብንም አልኩ፤ አባቴ ማሾ የሚያመርት ገበሬ ነው። ማዳመጫውን ግንባሬ ላይ አድርገው ብዙ አዳመጡ። ከውስጥ የባሕር ድምፅ ይሰማል አሉ፤ ማማም ሳይኖር አይቀርም። ሥር ሰዷል፣ ቀድመሽ መምጣት ነበረብሽ ብለው ተቆጡኝና ወደ ድንገተኛ ክፍል ላኩኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። ጨው ቀንሺ አሉኝ። ቀንሻለሁ አልኩ። እንዳላመኑኝ ፊታቸው ላይ አነበብኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኑኝ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው። አልጋው ላይ አባቴ ተኝቷል። ማጭድ ባቱን ከፍቶታል፤ ደሙ በፍራሹ ጠርዝ ወርዶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። አባቴ ግን እንግዳ ቤት እንደመጣ ሰው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ በትሕትና ነው የተኛው። ወደ ፋሻው ሮጥኩ። አንድ ሰው እጄን በቀስታ ያዘኝ።

መምህር ወንድይፍራው ነው። የተማሪ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቷል። ፋሻውን ከእጄ ወስዶ ወረቀት ሰጠኝ። መጀመሪያ ምንባቡ አለኝ። በአማርኛ የተጻፈ ነበር፤ ሕልም መሆኑን እዚያው መጠርጠር ነበረብኝ።

ምንባቡ «አቶ ላቀው ማሾ ሊያጭዱ ማለዳ ተነሡ። ማለዳው ነፋሻ ነበር። ሌሎች ገበሬዎችም ተነሥተዋል» ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከሥሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ተጽፏል፤ አቶ ላቀው እየደሙ ነው። እውነት፣ ሐሰት ወይስ ማወቅ አይቻልም?

እውነት የሚለውን አከበብኩ። መምህር ወንድይፍራው መነጽሩን አወለቀ።

«ደሙን ምንባቡ ውስጥ አየሽው?»

«በዓይኔ አየሁት።»

«ዓይንሽ የምንባቡ አካል አይደለም፣ ሲስተር።»

ጫማዬ ረጥቧል አልኩት። ጫማም አልተጠቀሰም አለኝ። ሰው እየሞተ ነው አልኩት። እሱ መደምደሚያ ነው፣ መደምደሚያ ደግሞ የምንማረው ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው አለኝ። አንድም ጊዜ አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ አባቴ ዞርኩ፤ እንዲያግዘኝ መሰለኝ። እሱ ፊደል ሳይቆጥር ያደገ ሰው ነው፤ መምህር ካየ ከመቀመጫው ይነሣል። አሁንም ሊነሣ ሞከረና አቃተው።

«አስተማሪሽን አትከራከሪ፣ ልጄ» አለኝ። «ፈተናሽን ጨርሺ። እኔ እቆያለሁ።»

ማወቅ አይቻልም የሚለውን አከበብኩ። መምህር ወንድይፍራው ትክክል አለና አጨበጨበ። በሽተኞቹ በመስኮት አጨበጨቡ። አባቴም ባርኔጣውን አስቀምጦ አጨበጨበ፤ ባጨበጨበ ቁጥር ደሙ ይፈጥናል።

ፋሻውን ስጠኝ አልኩት። አንድ ጥያቄ ቀርቷል አለኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ አቶ ላቀው ሴት ልጅ አላቸው።

ምንባቡን ደጋግሜ አነበብኩ። ማሾ አለ፤ ማለዳ አለ፤ ነፋስ አለ፤ ሌሎች ገበሬዎች አሉ። እኔ የለሁም። አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ ያየኛል። የትኛውን እንደማከብብ ሊያይ እንደፈለገ ገባኝ፤ ማንበብ አይችልም፤ የእጄን አቅጣጫ ነው የሚከተለው። መምህር ወንድይፍራው ጆሮዬ ሥር ሆኖ ያቺኑ ቃል ተናገረ።

ያኔ አንድ ነገር ተበጠሰብኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ምንባቡ ላይ ጻፍኩበት። አቶ ላቀው ሴት ልጅ አላቸው፣ ስሟ ትርንጎ ነው ብዬ ጻፍኩ። ማጭዱ ባታቸውን ቆርጦታል፣ ልጃቸው አሠረችላቸው፣ ደሙም ቆመ። አራት ነጥብ አደረግኩበት። የጋዋኔን ጫፍ ቀድጄ እግሩን አሠርኩ። ደሙ ቆመ። አባቴ ምን እንደጻፍኩ ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት። ስሙን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ የእኔን ሲሰማ ግን ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ።

መምህር ወንድይፍራው ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም ይላል። አህያዋ ተጠርታ መጣች፤ ወረቀቱን አሸተተች።

«ምንባብ የነካ ምንባብ ይሆናል» ብላ ፈረደች።

ይግባኝ የት ነው ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የወጣው አንቀጽ ነበር። እግሬ መስመር ሆነ፤ እጄ ሰረዝ ሆነ። ጠፍጣፋ ሆኜ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋሁ። ዙሪያዬን ፈተና አውጪዎች በላብ ተጠምቀው እርሳሳቸውን እያኘኩ ተቀምጠዋል፤ የዛሬዎቹ ተፈታኞች እነሱ ናቸው። ከሥሬ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ ትርንጎ ሐኪም ትሆናለች። አንዱ ዘጠኝ ዓመቴን አነበበና ተነፈሰ። ሌላው ከአንድ በሽተኛ አጠገብ ሳልተኛ ያደርኩበትን ሌሊት ዘለለው። መልሱ እዚያ ላይ ነው፣ እሱን አንብብ ልለው ፈለግኩ፤ ምንባብ አይናገርም። እትዬ ዘነቡ ከመሃላቸው ነበሩ። እርሳሳቸውን አነሡ። የትኛው ላይ እንደሚያሳርፉት ለማየት ከወረቀቱ ላይ አንገቴን ላወጣ ታገልኩ፤ ታገልኩ፤ አንድ እጅ ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

«እህቴ፣ ተነሺ። ወረቀቱ መጥቷል።»

ፈታኟ ናት። ግንባሬ ላይ የሰዓቴ ማሠሪያ ታትሟል። ወረቀቱን ገለጥኩ። አንደኛው ገጽ መመሪያ ነው። ሁለተኛው ገጽ ነጭ ነው። ሦስተኛው ገጽ ጥያቄ ነው።

ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው እጁን አወጣና ምንባቡ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ፈታኟ የራሷን ቅጂ ገለጠች፤ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ስልኳን ይዛ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ ማንንም አታይም። ምንባቡ ሳይታተም ቀርቷል፣ ፈተናው ግን ይቀጥላል ተብሏል አለች።

ሰውየው ታዲያ ከየት አምጥተን ነው የምንመልሰው አላት።

መመሪያውን አነሣችና ጮክ ብላ አነበበችልን፤ ከምንባቡ ውጪ ያለን ማንኛውንም እውቀት መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንብባ ስትጨርስ መመሪያውን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እኔ የታዘዝኩት ይኸው ነው፤ ጊዜው ተጀምሯል» አለች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ። የጸሐፊው ስሜት በአንድ ቃል ሲገለጽ ምንድን ነው ይላል። ምርጫዎቹ መደነቅ፣ ናፍቆት እና ብስጭት ናቸው፤ ማወቅ አይቻልም የሚል የለም። ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ስለ ምን እንደጻፈ አላውቅም።

ብስጭትን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ አከበብኩት።