ኒውትሪኖ ያመመው ሰው

ሥራውን በአንድ ቃል መናገር የሚችል ሰው የታደለ ነው። ሐኪም ነኝ ይላል፣ ሹፌር ነኝ ይላል፣ ይገላገላል። እኔን ግን «ምንድን ነው የምትሠራው?» ያለኝ ሁሉ መልሱን ሳልጨርስ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። እናንተም እንዳታዩ አሳጥረዋለሁ።

ኒውትሪኖ የምትባል፣ ከአቶም እጅግ ያነሰች ቅንጣት አለች። ባሕር ማዶ ያሉ ሳይንቲስቶች በጨረር መልክ ከአንድ ቦታ ያስነሷትና፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ርቆ ወደተተከለ መመልከቻ መሣሪያ በምድር ውስጥ ይልኳታል። ዋሻ አያስፈልጋትም፤ አለቱን ሰንጥቃ ሳይሆን ዝም ብላ አልፋው ትሄዳለች። ጉዱ ያለው መንገዱ ላይ ነው፤ አንድ ዓይነት ሆና ተነስታ ሌላ ዓይነት ሆና ትደርሳለች። የእኔ ሥራ አዲስ አበባ፣ ቤቴል ሰፈር፣ እናቴ ትታልኝ በሞተችው ቤት፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስንቷ እንደተለወጠች መመርመር ነው። የምትያዘው ጥቂቷ ናት። የቀረችው በሁላችንም ውስጥ ስታልፍ «ማን ነሽ?» የሚላት የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔንም የሚለኝ አልነበረም። ከባልደረቦቼ ጋር በስክሪን እንተያያለን፤ ስብሰባው ሲያልቅ ቤቱ ጭጭ ይላል። አንዳንዴ የገዛ ድምፄን ለመስማት ያህል ሬዲዮኑን እሰድበዋለሁ።

እማማ ዘይነባ አየር ጤና ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን በር ላይ ያዙኝና «አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ዘግተህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«በሰውነታችን ውስጥ ሳይታወቀን የሚያልፍ ነገር እከታተላለሁ፤ አሁንም በእኔ ውስጥ እያለፈ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«የሚያቆመው ነገር የለም» አልኩ በኩራት።

በማግስቱ ብርቱካን መጣ። ከዚያ ጎረቤት ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባ ጀመር፤ አጥሚት በፔርሙዝ፣ ሙዝ በፌስታል። አንዱ «እግዜር ይማርህ»፣ ሌላው «አላህ ያሽርህ» ይለኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እያደር ባሰብኝ። አንድ ቀንማ ሊሄዱ ብድግ ሲሉ አሳልኩ። አዎ፣ ሆን ብዬ። ተመልሰው ተቀመጡ።

በሦስተኛው ሳምንት እማማ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው ሾርባ ይዘው ሲመጡ ግን ኅሊናዬ አላስችል አለኝ። ብናገር በሬን የሚያንኳኳ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ፈራሁ። ቢሆንም ተናገርኩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልታመምኩም። የማጠናው ነገር ማንንም አይጎዳም። ብቻዬን መሆን ቢመረኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሾርባውን እየቀዱ ቀና እንኳ አላሉም። «እሱንማ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቀናል። የታመመ ሰው አንድ ፔርሙዝ አጥሚት ሙልጭ አድርጎ ይጠጣል?»

«ታዲያ ለምን ትመጣላችሁ?»

«ምን ብለን እንምጣ ልጄ? ለታመመ ይኬዳል፣ ለሞተበት ይኬዳል። ብቻውን ለሆነ ሰው ምን ተብሎ ይኬዳል?» ሳህኑን አቀበሉኝ። «ደግሞ ለሌላ ሰው እንዳትናገር። ማዶ ያሉት እትዬ አበበች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት የሚወጡት አንተን ሊጠይቁ ብቻ ነው።»

ይኸው እስከ ዛሬ አልተሻለኝም።