ለፈተና ያዋስኩት ክንድ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ!

ለማታውቁኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ነርሲንግ አስተምራለሁ። ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝና ነገር አጠብቃለሁ። ተማሪዎቼ “ሲስተር ግማሽ ነጥብ” ይሉኛል። ከኋላዬ ነው የሚሉት፤ ግን እሰማለሁ።

ዛሬ የደም ግፊት አለካክ የተግባር ፈተና ነበር። የመለማመጃው አሻንጉሊት ክንዱ ተበላሽቷል።

“ግድ የለም፣ የኔን ለኩ” አልኩ። ሥራ የለቀቁ ሁለት መምህራንን ክፍል ደርቤ ለያዝኩ ሰው አንድ ክንድ ማዋጣት ምን ይከብዳል?

ተማሪዬ ሰብለ ለካች። ፊቷ ተለወጠ።

“ሲስተር፣ ከፍተኛ ነው።”

“ድገሚ።”

ደገመች። ያው!

“አለካክሽ ልክ አይደለም” ብዬ ነጥብ ቀነስኩባት። ከዚህ በፊት አንዴ ወድቃለች፤ ዛሬ ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ላሳያት ብዬ ራሴ ለካሁት።

እንዲያውም ጨመረ!

ለወራት ራሴን ሲፈልጠኝ “የፒያሳ አቧራ ነው” እያልኩ አልፌዋለሁ። እንግዲህ አቧራው በደም ሥሬም ገብቷል ማለት ነው።

ነጥቧን መለስኩላትና “ቀጣይ ተማሪ!” አልኩ።

“አልጨረስኩም እኮ ሲስተር፤ የታካሚ ምክር ይቀረኛል።”

ልክ ናት። የፈተናውን ቼክሊስት ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ታካሚው ምክሩን ካልተቀበለ ተማሪው አያልፍም።

“እማማ” አለችኝ። (እማማ!) “ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ የለም።”

“አይሆንም፣ ክፍል አለኝ።”

“እንግዲያው ሊጥሉኝ ነዋ?”

ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ “ሲስተር፣ ለእኛ ብለው እንኳ ይረፉ!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ምን ላድርግ? በሕይወቴ ያልተገባ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ልጅቷን ደግሞ ያለ ጥፋቷ መጣል አልችልም።

“እሺ፣ አርፋለሁ” አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሰብለ አለፈች። ሐኪሙም እሷ ያለችውን ነው የደገመው፣ እሷ በነጻ ያለችውን!

አሁን ቸርችል ጎዳና ዳር ኬክ ቤት ተቀምጫለሁ። ማኪያቶ ተከልክያለሁና ትኩስ ወተት ይዣለሁ። ወያላዎቹ እየተጣሩ ሰው ይጭናሉ። ሁሉም የሚሄድበት አለው። እኔ ስንት ዓመት እንዲህ ቁጭ ብዬ እንደማላውቅ እያሰብኩ ነው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያልታረሙ ወረቀቶች አሉ። ወተት እየጠጡ፣ ቀስ እያሉ፣ አምስት ስድስቱን ብቻ ማረም ዕረፍት ውስጥ ይቆጠራል፣ አይደል?

ሰብለ፣ ይህን ካነበብሽ ጥያቄው ለአንቺ አይደለም።