ጋሽ ጉተማን ይዞብን የሄደው ቦይ

ወሰን የሚባል ነገር ግርም አይላችሁም? እኔን ይገርመኛል። ካርታ ላይ ስታዩት ቀጥ ያለ፣ ጨዋ መስመር ነው። እስቲ መሬት ላይ ወርዳችሁ ፈልጉት! ወይ የአህያ መንገድ ነው፣ ወይ የፈረሰ አጥር ነው፣ ወይ ሁለት ጎረቤት የሚጨቃጨቁበት ዛፍ ነው። የኛ ሰፈር ወሰን ደግሞ እግር ነበረው። አትሳቁ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቦታው ናዝሬት፣ ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ያኔ አውቶቡስ ተራው አጠገብ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ቀበሌ ሲቋቋም የቀበሌያችን ወሰን አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ እንዲሆን ተወሰነ። ከዛፉ ወዲህ የኛ፣ ከዛፉ ወዲያ የነሱ ተባለ፤ ተስማማን። ታዲያ አንድ ማለዳ ብንነሳ ዛፉ የለም! ማን ቆረጠው? ማንም አልቆረጠውም። ብቻ የዚያን ሰሞን ማገዶ ቸገረኝ የሚል ሰው በሰፈሩ አልሰማሁም። ወሰናችንን አንድደን ወጥ ሠራንበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ወሰኑ ወፍጮ ቤቱ ሆነ። ወፍጮ ቤት አይቆረጥ፣ አይነድ! ባለወፍጮው ግን ገበያው ቀዘቀዘበትና ሞተሩን ነቅሎ፣ ቆርቆሮውን ገንጥሎ፣ በጭነት መኪና ወደ ሞጆ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሞጆ የሄደ ሰው ሁሉ «ከቀበሌያችን አልወጣሁም» እያለ ይቀልድ ጀመር።

እንዲህ ሆነን ሳለን የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ መጣ። ከተማዋ በምርጫ ክልል ተከፋፈለች። አስመራጮቹ የኛን ታሪክ ሰምተው ኖሮ የማይቆረጥና የማይነቀል ወሰን አምጡ አሉ። ብዙ ተፈልጎ ተገኘ፤ የጎርፉ ቦይ! ከተራራው ወርዶ ሰፈሩን የሚያቋርጠው ቦይ። እውነት ነው፣ ቦይ ማን ይሰርቃል?

ያን ቦይ ግን እኛ በሌላም እናውቀዋለን። ክረምት በመጣ ቁጥር አፉን ከፍቶ ቤታችን ይገባል። እትዬ ብርቄን ባወቃችኋቸው! ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ምላሳቸው ከጠላቸው ይበልጥ ያሰክራል። በፊተኛው ክረምት የማድቤታቸውን ግድግዳ ነድሎ ጋናቸውን ከነጠላው ወሰደባቸው። ጋኑ እየተንሳፈፈ ሲሄድ አይቻለሁ። ቆቃ የደረሰ እንደሆነ የዚያን ሳምንት ዓሣው ሁሉ ሰክሮ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። ድጋሚ እንዲህ ከሆነ ቤቱም አይተርፍልኝም አሉ፤ ደግሞም ልክ ነበሩ።

ስለዚህ ሰፈሩ ከሸንጎ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ቦይ በድንጋይ ይገንባልን! ይህን አዲስ አበባ ሄዶ የሚናገርልን ማን ነው? ጋሽ ጉተማ ናቸዋ! ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከባቡሩ ጩኸት በላይ ሲናገሩ ኖረው፣ ባቡሩ ቢቀርም ጉሮሯቸው አልተመለሰም። ጠዋት ከደጃቸው «አካም ቡልተኒ!» ሲሉ ጣቢያው ድረስ ያሉ ሰዎች አፀፋውን ይመልሳሉ። ሌሎቹ ዕጩዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሲያወራ ጆሮ ካላስጠጉለት የማይሰማ የቢሮ ሰው፣ ሌላው ደግሞ ከስሙ በቀር አይተነው የማናውቅ። የሸንጎው አዳራሽ ደግሞ ትልቅ ነው ሲባል ሰምተናል። ምርጫችን አለቀ!

አላለቀም። የበልግ ዝናብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረደ፤ አወራረዱስ! የቦዩ የድሮ መንገድ በደለል ተደፍኖ ኖሮ ጎርፉ ፊቱን አዞረ። ወትሮ የሚያልፈው በጋሽ ጉተማ ቤት ጀርባ ነበር። ያን ቀን በደጃፋቸው አዲስ መንገድ ቀደደ። ዝናቡ ሲያባራ ብንወጣ እኛ ከቦዩ ወዲህ፣ ጋሽ ጉተማ ከነቤታቸው ከቦዩ ወዲያ! በራቸው ላይ ቆመው «ያ ዋቃ! ቤቴ ንቅንቅ ሳይል እኔ ሌላ አገር ገባሁ!» ብለው ጮኹ። ሳቅን። አስመራጩ እስኪመጣ ድረስ ሳቅን።

ካኪ የለበሰ፣ ደህና ሰው ነው። ወረቀቱን አየ፣ ቦዩን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። «ጓዶች፣ ወሰኑ ቦዩ ነው። ዕጩው ደግሞ ከቦዩ ማዶ ነው ያሉት» አለ። የሄደው ቦዩ እንጂ ሰውዬው አይደሉም ብንል፣ ብንምል፣ ብንለምን፣ ወረቀቱ የአምና ቦይ የዘንድሮ ቦይ አይልም አለን። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ስማቸውን እሰርዛለሁ አለ።  ያ የሚያንሾካሹከው ሰው ሊመረጥብን ነው! የእትዬ ብርቄ ቤትስ?

ያኔ እትዬ ብርቄ «ልጄ፣ ቦዩ ወደ ቦታው ቢመለስስ?» ብለው ጠየቁት። አስመራጩ ሳቀ። «ቦዩ በእግሩ ከተመለሰማ ምን ችግር አለ እናቴ!» አለ።

ይህን ባይል ይሻለው ነበር።

እሑድ ሊቀመንበሩ ቀበሌው በር ላይ የተንጠለጠለውን የሐዲድ ቁራጭ ደበደበና የልማት ዘመቻ ነው ብሎ አወጀ። ወትሮ ያ ብረት ሲጮህ አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ ሌላው ለቅሶ ይሄዳል። እኔ ራሴ የታወቅሁ የወገብ በሽተኛ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ሰፈሩ በአንድ እግሩ ቆመ! ዶማ የያዘ ዶማ፣ አካፋ የያዘ አካፋ፣ ሴቶቹ በባሬላ አፈር ሲያጓጉዙ፣ ባለጋሪዎች ድንጋይ ሲያመላልሱ ብታዩ! እትዬ ብርቄ ጠላቸውን በነፃ ቀዱ፤ ይህን እሳቸውን የሚያውቅ አያምንም። ጋሽ ጉተማ ደጃቸው ላይ ቆመው «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ በርቱ! አንድ ላይ!» ሲሉ ዶማው ሁሉ እኩል ይነሳና እኩል ይወርዳል። ወገቤ? የት እንዳለም አላስታወስኩትም።

አዲሱን መንገድ ደፍነን የድሮውን ከፍተን ልንጨርስ ስንል ማዶኞቹ ዱላ ይዘው መጡ። ጎርፉን ወደ እኛ ልትነዱብን ነው አሉ። ጠቡ ሊነሳ ነው ስል፣ አንዱ ሽማግሌያቸው በዚህ በኩል እኛም ድንጋይ እንደርድር እንጂ ምን ያጣላናል አለ። እነሱ በነሱ በኩል መደርደር ጀመሩ። የነሱ ከፍ ሲል እኛ ሰጋን፤ ውሃው ወደ እኛ ሊያዘነብል ነዋ! የኛን ከፍ አደረግን። እነሱ ጨመሩ፣ እኛ ጨመርን። በማግስቱም ቀጠለ፣ ሳምንቱን ሙሉ። ማን ማንን ያምናል? እንዲያ ሳንተማመን ቦዩ በግራና በቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ግንብ በግንብ ሆነ።

አስመራጩ መጥቶ አፉን ይዞ ቀረ። «ይሄ… በእግሩ ነው የተመለሰው?» አለ ቀስ ብሎ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «በእግሩ ነው ልጄ፣ እኛ ሸኘነው እንጂ» አሉት። ሰውዬው የጋሽ ጉተማን ስም ሳይሰርዝ ሄደ። ጋሽ ጉተማ ተመረጡ! የዚያን ቀን የጨፈርነውን ጭፈራ በሠርጌም አልጨፈርኩት።

ክረምቱ ገባ። ሰማዩ በጠቆረ ቀን እንደ ልማዳችን ፍራሹን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅለን፣ ልጆቹን አዝለን ቆምን። ጎርፉ እያጓራ መጣ፣ በሁለቱ ግንብ መሃል ገባ፣ አለፈ። አለፈ! አንድም ቤት አልነካም። እትዬ ብርቄ ግድግዳቸውን ተደግፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ያስደብቀኛል።

መስከረም ላይ ሸንጎው ሲከፈት ሰፈሩ በሙሉ የኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰበሰበ። ያለኝን ትልቁን ሬዲዮ አወጣሁ። ንግግር፤ ከዚያ ጭብጨባ። ሌላ ንግግር፤ ሌላ ጭብጨባ። የጋሽ ጉተማ ጉሮሮ መቼ ይሰማ ይሆን ብለን ወደ ሬዲዮው ተጠጋጋን። ምንም የለም። እትዬ ብርቄ ብቻ በአንዱ ጭብጨባ መሃል «ይቺ ወፍራሟ የሳቸው ናት!» ብለው ማሉ።

ሲመለሱ ከበብናቸው። ምን ተናገሩልን ብንላቸው ጋሽ ጉተማ አንገታቸውን ደፉ። ሕይወቴን ሙሉ እንዲያ ዝቅ ብለው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኢጆሌ፣ ምን ልበል? ይዤው የሄድኩት ነገር አንድ ነበር። እሱን ጨርሳችሁታል። ታዲያ አጨበጨብኩ» አሉና መዳፋቸውን አሳዩን። ቀልቷል።

 ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እሳቸውም ወደ ጉሮሯቸው ተመልሰው ሳቁ። ታዲያ ምርጫ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። እንዴ! ሰው ባንመርጥ ቦይ እንቆፍር ነበር? ችግር ያለበት ሰፈር ሰው ይምረጥ፣ ከዚያ የተመረጠው ሰው ቤት የት ነው ብሎ ይጨቃጨቅ። ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ከጊዜ በኋላ ያው አስመራጭ ወሰን ለማጣራት ተመልሶ መጣ። ያኔ ውሃ የምንቀዳው ከሩቅ ቦኖ ነበር፤ የእንስራና የጀሪካን ሰልፉ አይጣል ነው። ሰውዬው ግንቡን በእጁ መታ መታ አደረገና፣ ይህን ወሰን ከእንግዲህ የሚያንቀሳቅሰው የለም፣ በዚሁ ይጽና ወይ ብሎ ጠየቀን። ሁላችንም አዎ ልንል ስንል እትዬ ብርቄ ቀደሙን።

«የለም ልጄ፣ ለሚመጣው ምርጫ ወሰኑን የውሃ ቧንቧው ላይ አድርግልን» አሉት።

«የትኛው ቧንቧ እናቴ?» አለ ዙሪያውን እየቃኘ።

«ገና ያልመጣው ነዋ!»