የጃፓን ሲኒዎችና የእኔ መለኪያ

ሰው ጠማማ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሠሪውን ነው፤ ራሱን የጠረጠረ እስካሁን አልገጠመኝም። ፊደል ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ የተማርኩ የዳንግላ አረቄ ሻጭ እኔስ ከማን እለያለሁ?

ግቢዬ ተከራይታ የነበረች ዩኮ የምትባል ጃፓናዊት የሒሳብ መምህርት ወደ አገሯ ስትመለስ ሁለት የሸክላ ሲኒዎች ሰጠችኝ። የአገሯን መጠጥ የሚጠጡባቸው ናቸው፤ አባቷ በእጃቸው የሠሯቸው። አንደኛው አጭርና ቦርጫም፣ ሌላው ረዘም ብሎ ጎኑ በአውራ ጣት የጎደጎደ። ቀለሙ እንደ ፈሰሰ ወጥ ወርዶ ወርዶ መሐል ላይ ቆሟል። የእኛ ሸክላ ሠሪ እንዲህ ያለውን ገበያ ብታወጣ ማን ዞር ብሎ ያያታል? ሰውየው ግን ጭራሽ ከሥሩ ስማቸውን ጽፈውበታል። ድፍረት ነው! ዩኮ "ሆን ብለው ነው፤ ለጣት ማረፊያ" ስትለኝ ለአባት ክብር ብዬ እሺ አልኳት።

አረቄ የምሰፍርበት መለኪያዬ ግን ብርጭቆ ነው፤ ከጥሊሊ ገበያ መርጬ ያመጣሁት፣ ቀጥ ያለ፣ ታቹ ወፈር ያለ። እንዳይሰበር ብዬ ነው እንግዲህ። "ጥሩነሽ ልክ ታውቃለች" የተባልኩትም በእሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ በጃፓኖቹ ሲኒዎች ለሁለት ደንበኞቼ ቀዳሁ፤ ጡረታ ለወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ለአቶ ደሴና ለጋሪ ነጂው ለአያሌው። አቶ ደሴ ረጅሙን ይዘው የአያሌውን ቦርጭ ያያሉ፤ አያሌው ቦርጫሙን ይዞ የእሳቸውን ርዝመት ያያል።

"ለእሱ አበዛሽለት!"

"ለእርስዎ ነው እንጂ! እኔ ጋሪ ነጂ ስለሆንኩ ነው?"

ልክ የማታውቅ ልባል ነው! በስሜ አልደራደርም፤ ሲኒዎቹን አስጨልጬ ውሃ አመጣሁና አጭሩን ሞልቼ ረጅሙ ውስጥ ገለበጥኩ። ከንፈሩ ላይ ደርሶ ቀጥ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰች፣ አንዲት ጠብታ አልጎደለች። በዓይን ብቻ እንዲህ የሚለካ እጅ! ደረቴን ነፋሁ፤ እኔ የሠራኋቸው ይመስል።

እዚያ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? አቶ ደሴ ግን መርምረው አይጠግቡም። "እስቲ መለኪያሽንም አምጪው፤ ለምስክርነት ያህል።"

"እሱ ደግሞ ምኑ ይመረመራል?" እያልኩ ሳለሁ አያሌው ረጅሙን ደፍቶ፣ መለኪያዬን ውሃ ሞልቶ ውስጡ ገልብጦታል። ከውጭ ሲያዩት የጃፓኑን እጥፍ የሚያክለው መለኪያዬ ከጣት ማረፊያው አላለፈም።

አያሌው ብርጭቆውን ዘቅዝቆ ታቹን መረመረው። "ጥሩዬ፣ ይሄ ታች ነው ወይስ መሠረት? ፎቅ ልትሠሪበት ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባው ሁሉ "በጃፓኑ ቅጂልኝ" ሆነ።

በቀደም ዩኮ ደውላ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አባቷ ሲኒዎቹን እጠቀምባቸው እንደሆነ መጠየቃቸውን ነገረችኝ።

"እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ለአረቄ ይወጣል እንዴ?" አልኳት። "ለክብሩ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ በያቸው።"

ሰውየው ይህን ሲሰሙ ልባቸው ተነካ አሉ፤ ስድስት ጨምረው ሊልኩልኝ ነው።